ምስጥ ያልደፈረው ቤት

በአክስቴ ቤት ነፍሳት አይጮኹም ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ክረምትን በመተማ ቆላ ያሳለፈ ሰው ነው። በእኛ ቆላ ሐምሌ ከገባ በኋላ ምሽቱ ራሱ ይንጫጫል። ፌንጣው፣ ጢንዚዛው፣ ትንኙ፣ ስም ያልወጣለት ክንፋም ሁሉ ፋኖሱ ላይ ይረባረባል፤ ሰው ከመጉረሱ በፊት ከእንጀራው ላይ እየለቀመ ይጥላል። አክስቴ ቤት ግን ይህ ሁሉ ደጃፍ ላይ ይቀራል። ግቢ ውስጥ ሲቆሙ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ደፉን ተሻግረው ሲገቡ ከሩቅ ይሰማል። በሥራ ተመድቤ ከጎንደር ወደ ገንዳ ውሃ የወረድሁ ሰሞን፣ ቤት እስክከራይ እሳቸው ዘንድ ስቀመጥ፣ ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ በትንሽ ጣቴ ስቆረቁር ሰነበትሁ።

“እታለም፣ ቤቱ ምነው ዝም አለ?” አልኋቸው አንድ ቀን።

“የተባረከ ነዋ!” አሉኝ እየሳቁ። “ምስጥ እንኳ አልደፈረውም። እስቲ ሂጂና የጎረቤቶቼን ምሰሶ እይ፤ ወንፊት ሆኗል።”

እውነታቸውን ነበር። ቆላ ውስጥ ምስጥ ከሰው በፊት የሰፈረ ባለርስት ነው። ዛሬ ያቆሙትን ቋሚ ከርሞ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል፤ ሰው ሁሉ በየጊዜው ግድግዳ እየቀየረ ነው የሚኖረው። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ባለችው በዚያች መንደር ግን አንድ ቤት ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አክስቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ምሰሶውን በጡጫ እየመቱ ያሳዩታል። እኔም ከእንግዶቹ ጋር አብሬ አደንቅ ነበር። ያ ዝምታ ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ድመት አያድርበትም፤ እንሽላሊት በግድግዳው ላይ አይሮጥም። እስከ ዛሬ ድረስ ሆቴል አድሬ ክፍሉ ፀጥ ሲልብኝ ተነሥቼ መስኮት እከፍታለሁ።

አክስቴና ባላቸው ከደንቢያ ወደ ቆላ የወረዱት መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ነው። ሰሊጥና ማሽላ እያረሱ ኖሩ። ሲወርዱ አንዲት ሴት ልጅ አዝለው ነበር። ከዚያ ወዲያ፣ ይህ ቤት ከተሠራ በኋላ፣ አክስቴ ሦስት ጊዜ አረገዙ፤ ሦስቱም ልጆች አልቆዩም። አንዱ ሞቶ ተወለደ። ሁለቱ ጡት ይዘው፣ እናታቸውን ዐይን ዐይኗን አይተው፣ ክርስትና ሳይነሡ ሄዱ። አገሩ ለዚህ ስም አለው፤ ሾተላይ ይለዋል። ሾተላይ አለባት የተባለች ሴት ጥፋቱ ከገዛ ሆዷ እንደሆነ እያመነች ትኖራለች። አክስቴ ያልጠጡት ጸበል፣ ያላሠሩት ክታብ አልነበረም።

ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን አጸድ አይገባም። እድር ድንኳን አይተክልለትም፤ ሴቶች ነጠላቸውን አያዘቀዝቁለትም፤ ቀብር የሚሸኝም የለም። አባት በጨርቅ ጠቅልሎ ጓሮ ያሳርፈዋል፤ በዚያው ያበቃል። ሦስቱም ከቤቱ ጓሮ፣ ከግድግዳው ጥቂት እልፍ ብላ ከቆመችው የኒም ዛፍ ሥር ናቸው። ስም እንኳ አልወጣላቸውም። ይህን የነገረችኝ ጎረቤት ናት እንጂ አክስቴ አይደሉም። እሳቸው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በርጩማቸውን ይዘው ጓሮ ይወጡና ወደ ኒሟ ዞረው ይቀመጣሉ፤ ምንም አይሠሩም። አንድ ጊዜ ደፍሬ ምን እንደሚያስቡ ብጠይቃቸው፣ “ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ” ብለው አስቀሩኝ። ባላቸው በአንድ ክረምት ንዳድ ይዟቸው ከሞቱ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ዝምታው በረታ። ልጃቸውም አግብታ ወደ ቋራ፣ ገለጉ ሄደች።

እኔ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራዬ ሰሊጥ የሚያጠቃ ተባይ መቆጣጠርና ገበሬው መርጫ ኬሚካል ሲጠቀም ራሱን እንዳይገድል መለመን ነበር። ልመና ነው የምለው፣ የሚሰማኝ ስላልነበረ ነው። በዚህ ሥራ ላይ እያለሁ ነው ከክልሉ አንድ ረቂቅ የመጣልን፤ በመርዝ የተበከሉ ቦታዎችን ስለማጽዳት የወጣው መመሪያ ሊሻሻል ነው፣ አስተያየት ስጡበት የሚል። አሮጌው መመሪያ አጭር ነበር። መርዙን አንሡ፣ ቦታውን አጥሩ፣ የራስ ቅል የተሣለበት ሰሌዳ ስቀሉ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ስለ አፈሩም ሆነ በአካባቢው ስለሚኖረው ሰው ምንም አይልም።

በእኛ ወረዳ ይህ መመሪያ የተፈጸመበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ድሮ የተዘጋ የእርሻ ድርጅት የፀረ ተባይ መጋዘን የነበረ ነው፤ ሰዉ መርዝ ቤት ይለዋል። በርሜሎቹ ቀደም ብለው ተነሥተዋል፤ ቆርቆሮውንና ግድግዳውን ሰው ወስዶታል፤ የቀረው የተጋደመ አጥርና የዛገ ሰሌዳ ነው። ረቂቁ ሲመጣ ሄደን አየነው። ወለሉ የነበረበት ቦታ ጎድጓዳ ሆኗል፤ አንድ ሰው ቢቆምበት እስከ ጉልበቱ ይደርሳል። የሥራ ባልደረቦቼ ዝናብ አጥቦት ነው አሉ። ቦታው ሜዳ ላይ ስለሆነ ዝናብ እንዴት ያን ያህል እንደሚያጥብ አልገባኝም ነበር፤ ቢሆንም ሙቀቱ አስቸግሮን ቶሎ ተመለስን።

የውይይቱ ስብሰባ ጎንደር ነበር። ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ግማሽ ቀን ያለቀው አጥሩ እሾሃማ ሽቦ ይሁን ወይስ ወንፊት ሽቦ በሚለው ነው። እኔ ቁጣዬን በታሸገ ውሃ እያወረድሁ ተቀመጥሁ። ከምሳ በኋላ ስለ አፈር ያጠና አንድ ወጣት ተነሣ። ድምፁ ቀጭን ስለነበረ ሰዉ ጎን ለጎን ያወራ ነበር።

“የተበከለ አፈር አንዳንዴ ሳይለካም ይታወቃል” አለ ወጣቱ። “ምስጥ አይወጣበትም፤ ጉንዳን አያቋርጠውም፤ በክረምት ነፍሳት አይጮኹበትም። መርዙ በአቧራም በምግብም ወደ እናት ይገባል፤ ከእናት ወደ ጽንስ፣ በጡትም ወደ ሕፃን ይሻገራል። ይህ ልጅ የሞተው በዚህ ነው ብዬ ልምል አልችልም። ነፍሰ ጡር ግን እንዲህ ባለ ቦታ ውላ ማደር የለባትም።”

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አመመሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በዐይኔ የሚዞረው የአክስቴ ምሰሶ፣ ኒሟና ያ ጎድጓዳ ወለል ነበር። ያ አፈር በዝናብ አልሄደም፤ ሰው ወስዶታል።

እጄን አነሣሁ። “አፈሩ ከአጥሩ ወጥቶ ከሆነስ? ሰው ወስዶ ቤት ሠርቶበት ከሆነስ?” አልሁ።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። “እሱማ ቤት ነው እንጂ የተበከለ ቦታ አይደለም፤ ከርዕሳችን አንውጣ” አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም እንደ እብድ ቆሜ ቀረሁ፤ እንዲህ ያለ ንዴት ከዚያ በፊት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ለሻይ ስንወጣ ረቂቁን የሚያዘጋጁት የሕግ ባለሙያ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ፣ ወደ እኔ መጡ። “ያሉትን እስቲ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይስጡኝ” አሉኝ። ወረቀት አልያዝሁም ነበርና በሶፍት ላይ ጻፍሁላቸው፤ ከተበከለ ቦታ ተወስዶ ለግንባታ የዋለ አፈር ያለበት ቤትና የቤቱ ዙሪያ እንደ ተበከለ ቦታ ይቆጠራል፣ ብዬ።

“እንዲያው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን እንጂ” አልኋቸው ስሰጣቸው።

ሶፍቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። “ጅቡ መቼ ሄደ?” አሉኝ።

በማግሥቱ ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ በባጃጅ ወደ አክስቴ ሄድሁ። ግምቴ ሐሰት እንዲሆን እየጸለይሁ ነበር የምሄደው። ቤት ስገባ የአክስቴ ልጅ አልጋው ላይ ጋደም ብላለች፤ ሆዷ ገፍቷል። ከገለጉ በጭነት መኪና ተንገላትታ የመጣችው ልትወልድ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደው በእናቷ ቤት ነው፤ ባሏም፣ አማቶቿም ይህን ደስ ብሏቸው ነው የሚያደርጉት። ተሳሳምን፣ ተጠያየቅን። እያወራችኝ እጇ ከራስጌዋ ግድግዳ ላይ ይፈቀፍቃል። የፈቀፈቀችውን አፈር ወደ አፏ ወስዳ ላሰችው።

“ምን እያደረግሽ ነው?” ብዬ ጮኽሁባት።

“ኧረ አምሮኝ ነው፣ ምን ያስጮህሻል!” አለች እየሳቀች። ግድግዳው ላይ እንቁላል የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ፈልፍላለች። “የእናቴ ቤት አፈር እንደዚህ ይጣፍጣል ብዬ አላውቅም ነበር።”

ነፍሰ ጡር አፈር ያምራታል፤ የማያምራት ጥቂት ናት። ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የግድግዳ አፈር ይመረጣል። አክስቴ ከማጀት ብቅ አሉና፣ “ተያት፣ ያማራትን ትላስ። በእኔም ጊዜ ያው ጥግ ነበር” አሉኝ። ከዚያ የተናገሩት ለራሳቸውም የተሰማቸው ይመስል ፊታቸው ጠቆረና ተመልሰው ገቡ።

ተከትያቸው ማጀት ገባሁ። “እታለም፣ ይህን የመሰለ አፈር አጎቴ ከየት አገኙት?” አልኋቸው። ስለ ባላቸው ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋልና ፊታቸው ፈካ።

መጀመሪያ የሠሩትን ጎጆ ምስጥ በላው አሉኝ። ምሰሶውን ብቻ ቢሆን ባልከፋቸው ነበር። ከደንቢያ ይዘውት የወረዱትን የሙሽርነት ሣጥን ከሥር በልቶት፣ አንድ ቀን ሲያነሡት ቂጡ ተዘርግፎ ከነልብሱ አፈር ሆኖ ተገኘ። አክስቴ አለቀሱ፤ ወደ አገሬ መልሱኝም አሉ። ባላቸው ምስጥ የማይደፍረው ቤት ሠርቼ ካላስገባሁሽ ብለው ማሉ። ያን ጊዜ መጋዘኑ ተዘግቶ ጣራው ፈርሷል፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከየአገሩ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ግን በወለሉ ላይ ለመተኛት ይጣሉበት ነበር። ትንኝ የለበትም፣ ጊንጥ የለበትም፣ ምስጥ የለበትም ይላሉ። አጎቴ ይህን ሰምተው ሄደው አዩ። ወለሉን በዶማ ሰብረው አፈሩን በአህያ ሲያመላልሱ ከረሙ። ሌላው ሰው ሽታው አስጠልቶት ተወው፤ እሳቸው ግን ሽታው ይለቃል ብለው ቀጠሉ። ከዚያ ደቦ ተጠርቶ መንደሩ ሁሉ ጭቃውን በእግሩ ረገጠ፤ ሴቶቹም መረጉት።

“ያነጥሰን ነበር” አሉ አክስቴ እየሳቁ። “እያነጠስን እየሳቅን ዋልን። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።”

የአክስቴ ልጅ ልትወልድ የቀራት ጊዜ ትንሽ ነበር። እሷን ከዚያ ቤት ማውጣት ነበረብኝ፤ ለማውጣት ደግሞ የእናቷ ፈቃድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ እውነቱን ዞር እያልሁ ሞከርሁ። ገንዳ ውሃ እኔ ዘንድ ትረፍ፣ ለሐኪም ይቀርባል አልሁ። መንገዱ በዝናብ ይቆረጣል አልሁ። አክስቴ ሰማሁሽ በሚል ዐይነት አንገታቸውን ነቅንቀው፣ “አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እሷም የሙት ልጅ ይመስል በሰው ቤት ትውለድ?” አሉኝ። ልክ ነበሩ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ይህን ማለት አለበት።

ምክንያቱን መናገር ግን ከበደኝ። ይህ ግድግዳ መርዝ ነው ማለት፣ ባልዎ ለእርስዎ ብለው በአህያ ያመላለሱት አፈር ልጆችዎን ሳይገድል አልቀረም ማለት ነው። የሞቱትን ሦስቱን እንደገና መግደል መሰለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ እንዳልተወው ደግሞ ያቺ ልጅ በየቀኑ ግድግዳውን ትልሳለች። ስወጣም ስገባም ጉድጓዱን አየዋለሁ፤ ሰፍቷል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ ራኩባ ሥር፣ ከሱዳኖች በወረስነው የሣር ዳስ ሥር፣ ተቀምጠው በሰፌድ ሰሊጥ ያንገዋልላሉ። ልጃቸው ጎረቤት ሄዳለች። ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

“እታለም፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። ቢቀየሙኝም ይስሙኝ” አልኋቸው።

ሁሉንም ነገርኋቸው። መጋዘኑ ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ነፍሳት ለምን እንደማይጮኹ፣ አፈሩ በእናት በኩል ወደ ልጅ እንዴት እንደሚገባ። ስናገር ሰሊጡ በሰፌዱ ላይ ሽው ሽው ይል ነበር። ከዚያ ቆመ። አክስቴ ወደ እኔ አላዩም፤ ወደ ቤቱ ነበር የሚያዩት።

“እሱ ያውቅ ነበር?” አሉኝ።

“አያውቁም። ማንም አያውቅም ነበር። ለዚህ ነው ብዬ እኔም ዛሬ መማል አልችልም።”

“ሾተላይ ነው ያሉኝ።” ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጡ። “እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሆዴን ስረግመው ኖርሁ።”

“የእርስዎ ሆድ ምንም አላደረገ፣ እታለም።”

ዶሮዎቹ መጥተው ከሰፌዱ ላይ ሰሊጥ መልቀም ጀመሩ፤ ሁለታችንም አላባረርናቸውም። ከዚያ አክስቴ በቀስታ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሌላ ሰው እንደሚናገሩ፣ “እኔ እንዳላለቅስ ብሎ እኮ ነው” አሉ። “ያለቀስሁት ደግሞ ለሣጥን ነው።”

የማውቀውን ሁሉ ባላወቅሁ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ነው። እጃቸውን ልይዝ ብዘረጋ ተነሡ። ልጃቸው ከጎረቤት ስትመለስ ደፉን ሳትረግጥ ከበር ላይ አቆሟትና፣ “ልብስሽን እኔ አመጣልሻለሁ። ከዚህች ጋር ሂጂ፤ አትግቢ” አሏት። ልብሱን አውጥተው ግቢ ውስጥ ደጋግመው አራገፉት፤ አቧራ የሚባል እስኪጠፋ።

ልጅቱ ገንዳ ውሃ ወለደች፤ ሴት ልጅ። ሕፃኗ ስትወለድ የሆስፒታሉ መተላለፊያ እስኪናጋ ጮኸች። አክስቴ ያን ጩኸት ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ሰሙት፤ አላለቀሱም፣ አልሳቁም፤ እስኪበቃት ድረስ አታባብሏት አሉ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። አክስቴን እኛ ዘንድ ይቀመጡ ብንላቸው ግን አሻፈረኝ ብለው ወደዚያ ቤት ተመለሱ። ቤት ሰው ሲያጣ ይፈርሳል ይላሉ። ቤቱ ምክንያት ነው፤ የሚጠብቁት ኒሟን ነበር። ግድግዳ አይደገፉ፣ ውጭ ይተኙ እያልሁ ስመክራቸው፣ “እኔ ምን ቀረኝ ብለሽ ነው” ይሉኛል።

የተሻሻለው መመሪያ እስኪወጣ ሕፃኗ መዳህ ጀመረች። ሲደርሰን ትርጓሜ የሚለውን ክፍል ቶሎ ገለጥሁ። ሽማግሌው የሕግ ሰው አልረሱኝም፤ በሶፍት ላይ የጻፍሁት ዓረፍተ ነገር ጥቂት ቃላት ብቻ ተለውጠውለት እዚያ አለ። አፈሩ ወደተወሰደበትም እንዲደርስ፣ ቤቱ ሲፈርስ ነዋሪው ምትክ እንዲያገኝ፣ የተቆፈረው አፈር ታሽጎ እንዲሄድ ተደንግጓል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው አክስቴ ጓሮ እስክደርስ ነው። የቤቱ ዙሪያ ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ስጽፈው ዙሪያው ውስጥ ማን እንዳለ አላሰብሁም።

የሚቆፈረውን ቦታ በችካል እንድለይ የተላክሁትም እኔ ነበርሁ። የዚያን ቀን የአክስቴ ልጅ ሕፃኗን ይዛ እናቷን ልትጠይቅ መጥታለች። ቤት እንዳይገቡ ስለከለከልሁ፣ ኒሟ ጥላ ሥር ሰሌን ተነጥፎላቸዋል። እኔ ከግድግዳው እየለካሁ ችካል እመታለሁ። ኒሟ አጠገብ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። የመጨረሻውን ችካል በግድግዳውና በኒሟ መካከል፣ ከዛፏ ወዲህ ተከልሁት። ዛፏን ትቼ ማለት ነው። አክስቴ ከሩቅ ያዩኝ ነበር።

በዚህ መካከል ሕፃኗ ከሰሌኑ ወርዳ አፈር በመዳፏ ዘግና ወደ አፏ ወሰደች። አክስቴ እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ልጅቱን ብድግ አድርገው በጣታቸው አፈሩን ከአፏ ጠራርገው አወጡ፤ በቀሚሳቸው ጫፍ ምላሷን ጠረጉ። ሕፃኗ በቁጣ ጮኸች። ለእናቷ አቀበሏትና ወደ እኔ መጡ። የተከልሁትን ችካል በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀሉት። ኒሟን አልፈው ሄዱ፤ አልፈውም ጥቂት ራቁ። ችካሉን እዚያ አቁመው በድንጋይ መቱት።

“ይች ልጅ ነገም ትመጣለች” አሉኝ እየተነፈሱ። “እነዚያን እጠብቃለሁ ብዬ ይችን አልሰጥም።”

ከዚያ አፈሩ የት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። በበርሜል ታሽጎ በመኪና ወደ ወደብ፣ በመርከብ ወደ ውጭ አገር ሄዶ በእሳት እንደሚቃጠል ነገርኋቸው።

“በእሳት?”

“በእሳት፣ እታለም።”

“ምን አደረጉና!” አሉ።

ነጭ ቱታና ጭንብል የለበሱ ሠራተኞች መጥተው ቤቱን አፈረሱት። ምሰሶው ሲወድቅ አንድም ቦታ አልተበላም ነበር። ኒሟን ቆርጠው ሥሯን አወጡ። የምታገኙት ነገር ካለ ንገሩኝ ብዬ ለኃላፊው በጆሮው ነግሬው ነበር፤ አፈር ብቻ ነው አለኝ። አክስቴ በበርሜሎቹ መካከል እየዞሩ አንዱን በመዳፋቸው ነኩት። የተለጠፈውን ጽሑፍ እያሳዩ፣ “ምን ይላል?” አሉኝ። “የተበከለ አፈር ይላል” አልኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። “አፈርነቱስ እውነት ነው” አሉ።

መኪናው በሚሄድበት ጠዋት ለመፈረም ቀድሜ ደርሼ ነበር። የሹፌሩ ረዳት ገመድ እያጠበቀ ሳለ አክስቴ ብቅ አሉ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለሦስቱ ያን ጊዜ ያላዘቀዘቁትን ነው። ወዲያው ከየግቢው ሴቶች መውጣት ጀመሩ፤ እነሱም እንደዚያው ለብሰዋል። ጭቃውን በእግራቸው የረገጡት፣ እያነጠሱ የመረጉት ናቸው። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። የእድሩ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላ ተከተሉ። መኪናው ተነሣ፤ ሰዉ ሁሉ ከኋላው ሄደ። ሙሾ ያወረደ የለም። የሚሰማው የሞተሩ ድምፅና የእግራችን ኮቴ ብቻ ነው። እኔ ነጠላ ስላልነበረኝ ሻርፔን ወገቤ ላይ አስሬ በመካከላቸው ተጓዝሁ።

አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶን ኖሮ አቆመና ወረደ። የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ግራ ተጋብቷል።

“ምንድን ነው እማማ? ማን ሞቶ ነው?” አለ።

አክስቴ የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው ደገፍ አደረጉት።

“የጫንኻቸው ልጆቼ ናቸው” አሉት። “መንገዱ ጎርባጣ ነው፤ ቀስ ብለህ ንዳ።”